የኤድና ዝምታ እና የእኛ ሳሎን

የእንግሊዛዊው ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ድራማ፣ በአማርኛ «መርማሪው መጣ» ልንለው የምንችለው፣ በጎንደር መድረክ ቢታይ እመኛለሁ። ሐሳቡን ሳነሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ መልስ «የፈረንጅ ባለፋብሪካ ታሪክ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» የሚል ነው። በድራማው ውስጥ ግን ፋብሪካው አንድም ጊዜ አይታይም። የሚታየው ሳሎን ነው። እንዲህ ያለ ሳሎን ደግሞ በአራዳም፣ በማራኪም፣ በአዘዞም አለ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1912 ነው። የባለፋብሪካው የበርሊንግ ቤተሰብ የልጁን የሺላን መታጨት ለማክበር ማዕድ ከቦ ሳለ፣ ጉል የተባለ መርማሪ ይገባና ኤቫ ስሚዝ የተባለች ወጣት ጀርም መግደያ ፈሳሽ ጠጥታ መሞቷን ይነግራቸዋል። ከዚያ በየተራ ይጠይቃቸዋል። አባትየው ኤቫን ያባረራት ሳምንታዊ ደመወዛችን ከ22 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ወደ 25 ሺሊንግ ይደግልን ብላ ከባልደረቦቿ ጋር ሥራ በማቆሟ ነው። ሺላ ልብስ ስትለካ «ፈገግ አለችብኝ» ብላ ከመደብር አስባርራታለች። የሺላ እጮኛ ጄራልድ ኤቫን ለጥቂት ወራት ውሽማው አድርጎ አስቀምጧት ተለይቷታል። የሺላ ወንድም ኤሪክ ኤቫን አስረግዟታል። እናትየው ደግሞ ልጅቱ እርዳታ ፍለጋ ወደ በጎ አድራጎት ማኅበራቸው በመጣች ጊዜ ባዶ እጇን እንድትመለስ አድርገዋል፤ በማኅፀኗ ያለው የገዛ ልጃቸው ልጅ መሆኑን አያውቁም ነበር።

ተቺዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በአባትየው ላይ ነው። ጦርነት አይነሳም፣ ታይታኒክ አትሰጥምም እያሉ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ድራማው እ.ኤ.አ. በ1945 በሶቪየት ኅብረት፣ በ1946 ደግሞ በለንደን ሲታይ ተመልካቹ ከሁለት የዓለም ጦርነቶች ያለፈ ስለነበረ፣ የእኚህ ሰው እርግጠኝነት ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ወዲያው ይገባው ነበር። እኔ ግን የበለጠ የሚያሳስቡኝ እናትየው ናቸው፤ ምክንያቱም አውቃቸዋለሁ። ወይዘሮ በርሊንግ ክፉ ሴት አይደሉም። ማኅበር ይመራሉ፣ ችግረኛ ይረዳሉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ናቸው። ጥፋታቸው እርዳታን ለሚገባው ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አድርገው መያዛቸው ነው። ልጅቱ ስሟን ዋሸች፣ አነጋገሯ ከአንድ ምስኪን የማይጠበቅ ኩራት ነበረበት፣ ስለዚህ አይገባትም። እኛስ ደጃፋችን ለቆመች ልጅ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ዋስ አላት? ማን ያውቃታል? ከማን ቤት ነው የወጣችው?» ዋስ የሌላት፣ የቀድሞ አሠሪዋ «እጇ አያርፍም» ብላ ስሟን ያጠፋችባት ልጅ በሯ ሁሉ ይዘጋል። ያን ቃል የተናገረችው ሴት በማግስቱ ረስታው ይሆናል። የኤቫም ታሪክ እንዲህ ነው፤ አንዳቸውም ልግደላት አላሉም፣ እያንዳንዳቸው ግን አንድ አንድ በር ዘጉባት።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን ማንም የማይጠይቃት ገጸ ባሕርይ ናት። ኤድና ትባላለች፤ የቤቱ ሠራተኛ ነች። ሳህን ታነሳለች፣ መጠጥ ታቀርባለች፣ በር ትከፍታለች። የምትናገረው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። በሦስተኛው ክፍል፣ መርማሪው ስለ ኤቫ ሞት ሁሉንም አውጥቶ ከሄደ በኋላ፣ በሩ ሲንኳኳ ወይዘሮ በርሊንግ «ኤድና ትከፍታለች፤ ሻይ እንድታፈላልን እንዳትተኛ ብያታለሁ» ይላሉ። አንዲት ድሃ ልጅ በእነርሱ እጅ ተገፍታ መሞቷን በሰሙበት ምሽት፣ ሌላዋ ድሃ ልጅ እንቅልፍ አጥታ ሻይ ትጠብቃለች። ይህን ቦታ ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ ማድ ቤቱ በኩል ለማየት ይዳዳኛል።

ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከበለሳ ወይም ከወገራ መጥታ በደላላ እጅ ጎንደር የገባች የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅን አስቡ። እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያውን ይዛ ጎንበስ ብላ እጅ ታስታጥባለች፣ ፎጣውም በክንዷ ላይ ነው። እንግዶቹ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት እያወሩ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ፊቷን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እትዬዋ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ትላለች፤ ከልቧ ነው የምትለው። ይሁን እንጂ የልጅቱ ደመወዝ «አጠራቅምልሻለሁ» ተብሎ እትዬዋ ጋር ይቀመጣል፣ የተሰበረ ብርጭቆ ዋጋ ይቀነስበታል፣ ጥላ ስትወጣ ደግሞ ስንት እንደቀራት የሚያውቅ አይገኝም። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን ለማያውቀው እንግዳ ቤቱን የሚከፍት ከተማ ነው፤ በዚህ እኮራለሁ። ከጣራችን ሥር ለምታድረው ልጅ ግን ይህ ደግነት አይደርሳትም።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛ ማደሪያው፣ ምግቡና የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ ጤናውን የሚጠብቅለት እንዲሆን በአሠሪው ላይ ግዴታ ይጥላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ስለዚህ የፋብሪካዋ ኤቫ የምትጠቅሰው አዋጅ ሲኖራት፣ የሳሎኗ ኤድና በእትዬዋ ኅሊና ሥር ትቀራለች።

በድራማው መጨረሻ ላይ ጉል እውነተኛ ፖሊስ አለመሆኑ ይታወቃል፤ ሆስፒታልም ሲደወል የሞተች ልጅ አልመጣችም ይባላል። አባትና እናት እፎይ ብለው መሳቅ ይጀምራሉ። ሺላ ግን አትስቅም፤ ሰውዬው ማንም ይሁን ማን ያደረግነው አድርገነዋል ትላለች። ድራማው ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚጸናው። በከተማችንም ስለ ቤት ሠራተኞች በደል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ «ማስረጃ አለ ወይ? ማን ከሰሰ?» ይዞራል። ከሳሽ ስላልተገኘ ብቻ በደሉ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም።

ድራማውን የሚያዘጋጅልን ቢገኝ የምለምነው ኤድናን ከመድረኩ እንዳያስወጣት ነው፤ ጌቶቿ ሲናዘዙ በሩ ሥር ቆማ ትስማ። ተመልካቾቹም በቅድሚያ የዕድር ሰብሳቢዎች ይሁኑ። ዕድሮቻችን የአባላትን ቤተሰብ በስም መዝግበው የሚይዙ፣ ቤት ለቤት የሚተዋወቁ ተቋማት ናቸውና በየቤቱ ያለችውን ሠራተኛ ስም፣ የመጣችበትን ወረዳና የወላጅ ስልክ በዚያው መዝገብ ላይ ማስፈር ይችላሉ። ደመወዟ በራሷ የባንክ ደብተር እንዲገባ፣ የማታ ትምህርት እንድትማር አባሎቻቸውን መጠየቅም አያቅታቸውም። ለዚህ የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ደንብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ይበቃል።