በፖስታ የመጣ ሥራ ሁሉ ይታይ

ፖስትካርድ ላይ የሚሠራ ኮላጅ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። የቱሪስት ካርድ ይገዛል። ከአሮጌ መጽሔት ምስል ይቆረጣል፣ ይለጠፋል። ጀርባው ላይ አድራሻ ይጻፍና ቴምብር ተደርጎበት ፖስታ ቤት ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ካርዱ ሌላ አገር ያለ፣ ላኪው በአካል የማያውቀው ሰው እጅ ይደርሳል። ያ ሰው ደግሞ የራሱን ሠርቶ ይልካል። አንዳንዱ የደረሰው ካርድ ላይ የሆነ ነገር ጨምሮበት መልሶ ይልከዋል። እንዲህ በፖስታ የሚለዋወጡትን ሥራ ሜይል አርት ይሉታል።

ሰዎቹ ለዐውደ ርእይ ሥራ እንዲላክላቸው ሲጠሩ ለአሥርተ ዓመታት አብሯቸው የኖረ ሕግ አላቸው። ጥሪው ላይ በአጭሩ ይሰፍራል። ዳኛ የለም። ክፍያ የለም። የተላከ ሥራ አይመለስም። የመጣው ሁሉ ይታያል። የላከ ሁሉ የተሳታፊዎች ዝርዝር ይደርሰዋል። አሁን አሁን ግን ይህን ሕግ የሚሸራርፉ ጥሪዎች አሉ። ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ወይም የመጣውን አበጥረው ደህና ደህናውን ብቻ ይሰቅላሉ። ምክንያታቸው ጥራት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ደካማው፣ በችኮላ የተሠራው፣ የልጅ እጅ ያረፈበትም ግድግዳው ላይ ቦታ ሊያገኝ ይገባል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። ሬይ ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ዲትሮይት ተወልዶ ኒውዮርክ የኖረ ሰው ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ትንንሽ ኮላጆችን እየሠራ ለሚያውቃቸውም ለማያውቃቸውም በፖስታ ይልክ ነበር። ብዙዎቹ ላይ «ጨምሩበትና መልሱልኝ» የሚል ትእዛዝ አለ። አንዳንዴም ለሦስተኛ ሰው እንዲተላለፍ ያዛል። ስለዚህ ሥራው የማን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። በ1970 የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም የእሱንና የወዳጆቹን የደብዳቤ ልውውጥ ዐውደ ርእይ አድርጎ አሳየ። ሰዎች ለሙዚየሙ የላኩት ወረቀት ራሱ ዐውደ ርእዩ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። በዚያን ጊዜ ዊትኒ ግድግዳ ላይ ለመውጣት ስንት ሠዓሊ ስንት ዓመት ደጅ ይጠና ነበር! እዚህ ግን የቴምብር ዋጋ በቂ ሆነ።

ሕጉ ሲጣስ ምን እንደሚከተልም በ1984 እዚያው ኒውዮርክ ታይቷል። ፍራንክሊን ፈርነስ የሚባለው የጥበብ ማዕከል ትልቅ የሜይል አርት ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። ከብዙ አገር ሥራ ጎረፈለት። የዐውደ ርእዩ ኃላፊ ግን ከመጣው መረጡ፤ የተወሰነውን ሳይሰቅሉ ተዉት። ላኪዎቹ ተቆጡ። ሁሉም ይታያል ተብለን ነው የላክነው አሉ። ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው አሠራጩ። ስለ ዐውደ ርእዩ በተጠራው ውይይት ላይ ደግሞ ላኪዎቹ ኃላፊዋ የመድረክ መሪነቱን እንዲለቁ ጠየቁ። ለጥቂት ወረቀት ይህ ሁሉ ጠብ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ላኪው ግን ሥራውን በነጻ ሰጥቷል። ተመልሶም አይመጣለትም። በምትኩ የተሰጠው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይታይልሃል የሚል። ያ ቃል ከታጠፈ የቀረው ነገር የሰው ንብረት ወስዶ ካርቶን ውስጥ መክተት ነው።

ደግሞ ለዚህ ነጻነት ታስረውበታል። በ1976 በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ፓውሎ ብሩስኪና ዳንየል ሳንቲያጎ ዓለም አቀፍ የሜይል አርት ዐውደ ርእይ አዘጋጁ፤ ቦታው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነበር። ዘመኑ የወታደራዊ አገዛዝ ነው። ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ዘጋው። ሥራዎቹ ተወረሱ፣ ሁለቱም ታሰሩ። በ1977 ደግሞ ኡራጓይ ውስጥ ክሌሜንቴ ፓዲንና ሆርሄ ካራባዮ ታሰሩ። ፓዲን ከሁለት ዓመት በላይ እስር ቤት ቆይቷል። ከተለያየ አገር ሰዎች እንዲፈቱ የሚጠይቅ ደብዳቤና ካርድ ይጽፉላቸው ነበር። ለእነዚያ ሰዎች የቆመላቸው በካርድ የተሣሠረው ወዳጅነት ነው። ከጻፉላቸው መካከል ማን ጎበዝ ሠዓሊ፣ ማን ጀማሪ እንደነበር የጠየቀ የለም።

በአንጻሩ መርጦ ማሳየት የሚገባበት ጊዜም አለ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ኤልስወርዝ ኬሊ ከ1949 ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፖስትካርድ ላይ ኮላጅ ሠርቷል። ወደ 400 ገደማ ይሆናሉ። ባሕር ወይም ሕንጻ በሚታይበት ካርድ ላይ የተቀደደ ወረቀት ይለጥፋል፤ በቃ፣ ያ ወረቀት አድማሱን ይውጠዋል። የተወሰኑትን ለወዳጆቹ ልኳቸዋል። በ2021 ሳራቶጋ ስፕሪንግስ የሚገኘው ታንግ ሙዚየም ለካርዶቹ ራሱን የቻለ ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶላቸው ነበር። እንዲህ ያለው የአንድ ሰው ሥራ ነው፣ ባለሙያ ቢመርጠው ማንንም አይበድልም። ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ ጠርቶ መምረጥ ግን ሌላ ነው።

ጥራትን በተመለከተ፣ ካርዱ ራሱ ሠሪውን ያስተምራል ባይ ነኝ። የፋሲል ግንብን ካርድ እንውሰድ። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ሰማዩን ቆርጠን እናውጣውና ከአውቶቡስ ትኬት ቁርጥራጭ ሌላ ሰማይ እንሥራለት። በሩ ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠች ቆሎ ሻጭ እናስቀምጥ። አሁን ጎንደር ሰው የሚኖርባት ከተማ ሆነች። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው የቱሪዝም መፈክር ያስለመደንን ባዶና ውብ ሥዕል አንድ ሴትዮ ቀየረችው። ለዚህ የሥዕል ትምህርት ቤት ዲፕሎማ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው። ኮላው በስሱ ይቀባ፤ ከበዛ ካርዱ ይቆለመማል። ተለጥፎ ሲያበቃ ከባድ መጽሐፍ ሥር ማሳደር ነው። ጠርዙ ሁሉ በደንብ መጣበቅ አለበት፣ ብድግ ያለ ጫፍ ካለ የፖስታ መለያ ማሽን ይቀደዋል። አዝራር፣ ጥራጥሬ፣ ወፍራም ነገር ባይለጠፍ ይሻላል። የጀርባው ቀኝ ግማሽ ለአድራሻና ለቴምብር ይተው። ከዚያ በኋላ የፖስታ ቤቱ ማኅተም የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። አንዳንዴ በትክክል የሚገባው ቦታ ላይ ያርፋል፣ ሲያዩት ደስ ይላል።

ለዚህም ነው ካርዱን ፍሬም ውስጥ ከቶ ጀርባውን ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ የሚያናድደኝ። ቴምብሩ፣ ማኅተሙ፣ የእጅ ጽሑፉ፣ ዝናብ የነካው አድራሻ የሥራው ግማሽ ነው። በግልጽ ፕላስቲክ ከቶ ከላይ በክር ማንጠልጠል ይቻላል። ርካሽ ነው። ተመልካቹ ዞር ብሎ ሁለቱንም ፊት ያያል። ሥራው ስለበዛ ቦታ የለም ለሚሉም ይኸው ክር መልስ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ካርድ ይይዛል።

ይህን አዲስ አበባ ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ፖስታ ቤታችን በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተጀመረ ነው። እስከ ዛሬ የብዙ መሥሪያ ቤትና የብዙ ቤተሰብ የደብዳቤ አድራሻ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ዐውደ ርእይ ለመጥራት ከአንድ ሳጥን ሌላ ምን ያስፈልጋል? ዋሽንግተን ያለ፣ ቴል አቪቭ ያለ፣ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን፣ ጎንደር ያለ ተማሪ ሁሉም እኩል ሊልኩ ይችላሉ። አዘጋጁ ማን ተመረጠ እያለ አይጨነቅ። ጭንቀቱን የስም ዝርዝሩ ላይ ያድርግ። የላኩት ሁሉ ስማቸው፣ ፈቃደኛ ከሆኑም የፖስታ ሳጥን ቁጥራቸው በአንድ ወረቀት ይታተምና ለእያንዳንዳቸው በፖስታ ይላክላቸው። ኢሜይል አይበቃም። ያ ወረቀት እጁ የገባ ሰው በማግስቱ ለማንኛውም ለማያውቀው ሰው ካርድ መላክ ይችላል።