ድሮ ዶሮ ማነቂያ የነበረው ጋ ጠብቂኝ

ፒያሳ ላይ ሰው መቀጣጠር እንዴት እንደከበደ የደረሰበት ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ሰው እኮ በመንገድ ስም አይመራም፣ ታፔላ ቢተከልለትም ቀና ብሎ አያየውም፣ እሱ የሚያውቀው "ሥጋ ቤቱን እለፍና ሊስትሮው ጋ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ቀይ በር ስታይ ደውልልኝ" ነው። በ2016 አጋማሽ ኮሪደር ልማት ሲመጣ ሥጋ ቤቱም ሊስትሮውም ቀዩ በርም ሄዱ፣ እኛ ግን አሁንም በነሱ ነው የምንመራው።

"ድሮ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ጋ ነኝ"
"የቱ ጋ?"
"ሣሩ ጋ"
"ሣር እኮ በየቦታው ነው!"
"መብራት ያለበት ሣር"

መብራቱም በየቦታው ነው። ዓድዋ ድል መታሰቢያው ጋ ነው የምገኘው ያለም አልዳነም፣ ግቢው ከመስፋቱ የተነሳ ሁለት ሰው ተቃጥሮ በሁለት በር ቆሞ "ደርሻለሁ" "እኔም ደርሻለሁ" ሲባባል ካርድ ያልቃል። የከተማዋ ዜሮ ኪሎ ሜትር እዛ ግቢ ውስጥ ነው ይባላል፣ እንግዲህ ከዛ ጀምሮ መቁጠር ነው።

እውነት እንነጋገር ካልን ግን አምሯል። ድሮ ፒያሳ ላይ በእግር መሄድ ማለት በአንድ ዓይን ክፍቱን ቦይ በሌላው ላዳ ታክሲውን እያዩ ነበር፣ አሁን የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ ማታ ማታ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ይወጣል፣ ፎቶ የማይነሳ የለም፣ እንደውም ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ፎቶ ውስጥ ሳይገቡ ማለፍ ራሱን የቻለ ችሎታ ሆኗል። ብስክሌት መንገዱም አለ፣ እግረኛ በደንብ ይሄድበታል። የጎደለው ቁጭ የሚባልበት ነገር ነው። የጀበና ቡናዋ ሴትዮ በርጩማዋን ሰብስባ ሄዳለች፣ ቡና ካማረህ መስታወት በር ገፍተህ ትገባለህ፣ ዋጋውን አይተህ ሰው የምትፈልግ መስለህ ትወጣለህ።

ነባሩ ሰው ቤቱ ፈርሶ ብዙው ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ገባ። አንዲት እናት፣ እዛው ወልደው ከብደው የኖሩ፣ ለዓመት በዓል መጥተው "ጓዳዬ እዚህ ጋ ነበር" ብለው ሊያሳዩን ሁለት እርምጃ ገባ ሲሉ ጥበቃው ፊሽካ ነፋባቸው። "እናት፣ ሣሩን አይርገጡት!" እሳቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው፣ "ልጄ እኔ ወጥ ቤቴ ነው የቆምኩት፣ ሳሎን የቆምከው አንተ ነህ፣ ጫማህን አውልቅ"። ልጁ ደንግጦ እግሩን አየ።

የባሰው ግን ዕድሩ ነው። ድንኳኑና ድስቱ አንድ ሰው ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ተከምሯል፣ አባላቱ ገላን፣ የካ አባዶ፣ አንዳንዱ ዘመድ ጋር፣ ጡሩምባ ነፊው ደግሞ የፈለገ ቢነፋ ከገላን ፒያሳ አይሰማም። ስለዚህ ቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተና ጋሼ ጡሩምባቸውን በቮይስ መላክ ጀመሩ። ባለፈው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነፍተው ለቀቁት፣ ሰው ሳይነቃ አንዱ ላይክ አደረገበት። የዕድሩ ዳኛ "በለቅሶ ላይ አውራ ጣት ማንሳት ምን ማለት ነው፣ ይቀጣ" አሉ፣ ልጁ ደግሞ "ሰምቻለሁ ለማለት ነው" ብሎ ይግባኝ ጠይቋል፣ ጉዳዩን ለማየት እሁድ ስብሰባ ተጠርቷል፣ ቦታው ድሮ ዕድር ቤቱ የነበረበት ሣር አጠገብ።