ክህደቱ የመጣው ከአፍአበት በኋላ ነው

ሰሞኑን በአንድ የዩቲዩብ ቃለ ምልልስ ላይ አንድ እንግዳ ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም የጦር አመራር ተጠየቁ። መልሳቸው አጭር ነበር። የታሪክ ምሁራኑ በጥላቻ ነው የሚጽፉት፣ ሰውየው ጄኔራሎቹ ከዱት እንጂ በጦር ሜዳ አልተሸነፈም፣ ካራማራ ምስክር ነው አሉ። ጠያቂው "ልክ ነው" ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ልክ አይደለም። ይቺ ወሬ ድሮም ነበረች፤ አሁን ግን ያን ዘመን ላላየ ወጣት እንደ ታሪክ እየተነገረች ነው።

እስቲ ቀኖቹን እንይ። ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። በኤርትራ ግንባር ሻዕቢያን ይዋጋ የነበረው የመንግሥት ጦር፣ ናደው ዕዝ፣ አፍአበት ላይ የተደመሰሰው መጋቢት 1980 ነው። ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር የተበተነው፣ ጦሩም ትግራይን ለቆ የወጣው የካቲት 1981 ነው። ሁለቱም ከመፈንቅለ መንግሥቱ በፊት! ክህደቱ ነው ሽንፈቱን ያመጣው የሚለን ሰው፣ ልጅ አባቱን ወለደ እያለን ነው።

ከአፍአበት በፊት የሆነው ደግሞ ይብሳል። በየካቲት 1980 መንግሥቱ አስመራ ሄደ። ፕሬዚዳንት ከተባለ ገና ስድስት ወር አልሞላውም። የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በዚያው ሰሞን ተረሸኑ። ተራራውን፣ ምሽጉን፣ ወታደሩን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ሻዕቢያ አጠቃ። ዕዙ ሦስት ቀን ያህል እንኳ በቅጡ አልቆመም። ወደ አፍአበት የሚያፈገፍገው የሜካናይዝድ ጦር ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተዘግቶበት ቀረ። ከዚያ የራሳችን አየር ኃይል መጥቶ የራሳችንን ታንኮች አጋየ፣ በጠላት እጅ እንዳይገቡ። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ባዚል ዴቪድሰን ያንን ውጊያ በ1954 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ከደረሰባት ሽንፈት ጋር ያነጻጸረው ያለ ነገር አይደለም። ይሄ ሁሉ ሲሆን የከዳ ጄኔራል የት ነበር? አንዱ ጄኔራል መቃብር ውስጥ ነበር።

የተረሸነን አዛዥ የሚተካው ሰው ምን ያስባል? ስለ ጠላት አይደለም የሚያስበው። ወደ አዲስ አበባ ስለሚላከው ሪፖርት ነው። በዚያ ላይ አጠገቡ የፖለቲካ ኮሚሳር አለ፣ የደህንነት ሰው አለ፤ ሁሉም በየራሱ መስመር ወደ ላይ ይጽፋል። እንዲህ ያለ አዛዥ "ከዚህ ምሽግ እንልቀቅ፣ ጦሩ ይተርፋል" ሊል አይችልም። አፉን ከከፈተ ከሃዲ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች የመንግሥቱን አመራር ሲመዝኑ የሚይዙት ይሄንን ነው፣ ጥላቻ ሳይሆን። አንድ መሪ በግሉ ደፋር መሆኑ ጉዳያቸው አይደለም። ማንን ሾመ፣ ማንን ሰማ፣ መጥፎ ወሬ ይዞለት የመጣውን ሰው ምን አደረገው ነው ጥያቄያቸው። ትግራይ ላይ ከሙያ መኮንኖቹ በላይ የፓርቲውን ሰው ለገሠ አስፋውን መሾም መልስ ከሆነ፣ ይሁንላችሁ።

ካራማራስ? ካራማራ በሶማሊያ ጦር ላይ የተገኘ ትልቅ ድል ነው። ሚሊሻውን ከየገበሬው ቤት ጠርቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ያሰለጠነው የመንግሥቱ መንግሥት ነው፤ ይሄን አልነጥቀውም። ግን የሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ እቅድ ሲያወጣ፣ ኩባውያን ታንክ ሲነዱ፣ በንጉሡ ዘመን የሰለጠኑ የኤፍ-5 አብራሪዎቻችን ሰማዩን ሲይዙ ነው ጂጂጋ የተመለሰችው። ያንን አየር ኃይል የመሩት ማን ነበሩ? ፋንታ በላይ። በ1981ዱ መፈንቅለ መንግሥት እጃቸው አለበት የተባሉት፣ እስር ቤት ሕይወታቸው ያለፈው ያው ፋንታ በላይ! ድሉ ሲሆን የቆራጡ መሪ፣ ሽንፈቱ ሲሆን የጄኔራሎቹ። እንዲህ ያለ ሂሳብ ባለሱቅ እንኳ አይቀበልም።

"ግንባር ድረስ ወርዶ ይመራ ነበር" የሚሉም አሉ። አዎ፣ በ1974 ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ቢሮውን አስመራ ድረስ አዛውሯል። የሻዕቢያ ዋና ምሽግ ናቅፋ ተያዘች? አልተያዘችም።

ጦርነት ላይ ያለ መሪ ጄኔራል መቅጣት የለበትም አላልኩም። አሜሪካዊው ሊንከን ጄኔራሎቹን እየደጋገመ ቀይሯል። ጄኔራል ማክሌላንን በ1862 እ.ኤ.አ. አሰናበተው። ሰውየው ቤቱ ገባ፣ በ1864 ደግሞ ራሱን ሊንከንን በምርጫ ተፎካከረው፣ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ሊንከን ጦሩን ለጄኔራል ግራንት ሰጠ፣ በዓመቱ ጦርነቱን አሸነፈ። ሊንከን ሩቅ ነው ከተባለ ስታሊንን እንጥራ፣ ጓዶቹ ይወዱታልና። መኮንኖቹን የጨረሰው ስታሊን እንኳ ጭንቅ ሲመጣ ጄኔራል ሮኮሶቭስኪን ከእስር አውጥቶ ጦር ሰጥቶታል፣ ጄኔራል ዡኮቭንም መስማት ተምሯል። የእኛው ግን ምጽዋ በየካቲት 1982 ከእጁ ወጥታ፣ ከሦስት ወር በኋላ በመፈንቅለ መንግሥቱ የተከሰሱ 12 ጄኔራሎች አስገደለ። ጦሩን ማን ይምራ ብሎ ነው?

የመጨረሻዋ መሸሸጊያ የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ነው። መሣሪያ ከለከለን ይሉናል። አፍአበት ላይ ሦስት የሶቪየት መኮንኖች በሻዕቢያ ተማርከዋል። አማካሪዎቹ ምሽግ ድረስ አብረውን እያሉ ነው የተሸነፍነው። መሣሪያውም ቢሆን ሞልቶ ነበር፤ ሻዕቢያ ከዚያ በኋላ የተዋጋበት አብዛኛው ከባድ መሣሪያ ከእኛ የማረከው ነው።

እንግዳው እንደገና ከቀረቡ ጠያቂው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅልኝ፦ ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 ማንን ነው የከዱት?