ሮኬት ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በአንድ የምሽት ዜና ውስጥ ሮኬት የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ቢነሣ ሦስት የማይገናኙ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። በውጭ ዜናው ከተማ የመታ መሣሪያ ነው፤ በሳይንስ ዜናው ሳተላይት ተሸክሞ ወደ ህዋ የወጣ ማጓጓዣ ነው፤ በገበያ ዜናው ደግሞ የሽንኩርት ዋጋ የናረበት ፍጥነት ነው። ሦስተኛው ምሳሌያዊ አነጋገር ስለሆነ ማንንም አያሳስትም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በአንድ ስም ብቻ ሲጠሩ አድማጩ የሚፈራውን ከሚኮራበት፣ የራሱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል። የዜና ክፍሎቻችን ይህን ቃል በጥንቃቄ እንዲጠቀሙበት የምጠይቀው ጉዳዩ የሰዎችን ደኅንነት የሚመለከት በመሆኑ ነው፤ አገሪቱ ስለ ራሷ አቅም ያላትን እውቀትም ይነካል።

ሮኬት በመሠረቱ የሞተር ዓይነት ነው። አውሮፕላን ነዳጁን የሚያቃጥልበትን ኦክስጅን ከአየር ይስባል፤ ሮኬት ግን ነዳጁንም ኦክስጅን የሚሰጠውንም ንጥረ ነገር ራሱ ተሸክሞ ስለሚሄድ አየር በሌለበት ህዋ ውስጥ መንደድ ይችላል። የሚገፋው በአንድ በኩል የሚተፋው ጋዝ ነው፤ አፉ ሳይታሰር የተለቀቀ ፊኛ አየሩን ወደ ኋላ እያስወጣ ወደ ፊት እንደሚፈተለከው ማለት ነው። በበዓል ዋዜማ ሰማዩን የሚያደምቀው ርችት በዚህ መንገድ ይሠራል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደውና 110 ሜትር ገደማ ቁመት የነበረው ሳተርን 5 የሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን የተጫነውን፣ የተላከበትን ቦታና የላኪውን ማንነት አይነግረንም።

ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሸማኔ ድር የሚያጠነጥንበትን የመሰለ ትንሽ ቀሰም ሮኬቶ ይባል ነበርና የባሩድ ርችቱ በቅርጹ ተመስሎ ተሰየመ። በመሐል አዲስ አበባ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ላይ በእንግሊዝኛው ሮኬት፣ በጣሊያንኛው ሩኮላ ተብሎ የሚገኘው የሰላጣ ቅጠል ግን ስሙን ያገኘው ከሌላ የላቲን ሥር ነው፤ ከመሣሪያው ጋር በድምፅ ከመመሳሰል በቀር ዝምድና የለውም።

ብዙዎቻችን ሮኬትን የቅርብ ዘመን ነገር አድርገን እናስባለን። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች የሮኬትን እሳት የቀመሱት ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከመቅደላ ሥር እሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ነበር። ጄኔራል ናፒዬር ይዞት በመጣው ጦር ውስጥ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አባላት የሆኑ የሮኬት ተኳሾች ነበሩና፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከአምባው ቁልቁል ሲወርድ ከፈጣኖቹ የስናይደር ጠመንጃዎች ጋር ሮኬትም ተተኩሶበታል። ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቀው በዚህ ውጊያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ በገዛ እጃቸው አለፉ።

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወስደው ቴዎድሮስ አደባባይ ለመታሰቢያ የተመረጠው የሴባስቶፖል ምስል ነው። ምርጫው ትክክል ነው፤ ጋፋት ላይ የተሠራው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ የአንድ ንጉሥ የዕውቀት ጥማት ምልክት ነውና። ነገር ግን የትምህርት ቤት ታሪካችን መድፉን በደንብ ሲያስተምር በማዶ በኩል የቆመውን መሣሪያ ሁሉ “ዘመናዊ መሣሪያ” በሚል አንድ ሐረግ ያልፈዋል። ልጆቻችን በእሮጌ ሜዳ ላይ ሮኬት መተኮሱን፣ የዚያ ዘመን ሮኬት ዒላማውን ይስት የነበረ መሣሪያ መሆኑን፣ ከጉዳቱ ይልቅ ጩኸቱና እሳቱ ያስደነግጥ እንደነበር ቢማሩ የሮኬትን ምንነት ከራሳቸው ታሪክ ያውቁት ነበር። ይህ ክፍተት ትንሽ አይደለም፤ የመሣሪያዎቹን ስም የማያውቅ ተማሪ ሽንፈቱን ሊያስረዳ የሚችለው በጀግንነት ማነስ ወይም በክህደት ብቻ ይሆናል።

ወደ ዛሬው አጠቃቀም እንምጣ። በጦር መሣሪያ ቋንቋ ሮኬት ከተተኮሰ በኋላ አቅጣጫውን የማያስተካክል ነው፤ ሚሳኤል ደግሞ የመሪ መሣሪያ ያለው፣ ወደ ተመረጠለት ዒላማ እየተስተካከለ የሚሄድ ነው። በወታደሮች ዘንድ ቢኤም በሚል ስም የሚታወቀው ባለ 40 አፈሙዝ መተኮሻ የሚያዘንበው ሮኬት ነው፤ አንድን ሕንፃ ለይቶ ሊመታ አይችልም፣ የሚመታው አካባቢን ነው። በከተማ ላይ የወደቀው ይህ ነው ወይስ ሚሳኤል የሚለው ጥያቄ ለባለሙያ የሚተው ዝርዝር አይደለም። የመጀመሪያው ከሆነ ተኳሹ ማን እንደሚመታ ሳያውቅ ሰው በሚኖርበት ቦታ ላይ ለቆታል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ዒላማው ተመርጧል ማለት ነው፣ የተጠያቂነቱም ጥያቄ በዚያው ልክ ይለያል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የባሕር ዳርና የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች መመታታቸው ሲነገር ሁለቱ ቃላት ባንዱ ዘገባና በሌላው እየተለዋወጡ ይነገሩ ነበር። በዚያ ሌሊት ቤተሰቡ እዚያ ያለ ሰው ከዜናው የሚፈልገው የትኛው ቦታ እንደተመታና አደጋው ምን ያህል እንደሚደርስ ማወቅ ነበር፤ “ሮኬት ተተኮሰ” የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ለፍርሃቱ እንጂ ለጥያቄው መልስ አልሰጠውም።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያውና የህዋ ማጓጓዣው የተወለዱት ከአንድ ማሕፀን ነው። ጀርመኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ለንደንን የደበደቡበትን ቪ-2 የተባለ መሣሪያ ሥራ የመሩት መሐንዲስ ቬርነር ፎን ብራውን በኋላ ሳተርን 5ን ያሠሩት ሰው ናቸው። ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት በዚሁ አቆጣጠር በ1957 ወደ ህዋ ያወጣውም የሶቪየት አር-7 ሮኬት አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል እንዲሆን የተሠራ ነበር። እንዲያውም ለጋዜጠኛው ከባዱን ሸክም የሚሰጠው ይህ አንድነታቸው ነው፤ አካሉ አንድ ከሆነ ልዩነቱን የሚያሳውቀው የተጫነው ነገርና የተላከበት ዓላማ ብቻ ነውና፣ ሁለቱን ሳይናገር ያለፈ ዘጋቢ ዜናውን ትቶ ማሸጊያውን ነግሮናል።

በህዋው በኩል ያለው ብዥታ ደግሞ የኛው የራሳችን ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ወደ ህዋ በወጣች ዕለት ደስታችን ልባዊ ነበር፣ ሊሆንም ይገባው ነበር። “ኢትዮጵያ ሳተላይት አመጠቀች” የሚለው ርዕስ ግን ብዙ ሰው ሮኬቱም የኛ እንደሆነ እንዲያስብ አድርጓል። ሮኬቱ የቻይና ሎንግ ማርች 4ቢ ነበር፣ የተነሣውም ሰሜን ቻይና ካለው ታይዩዋን ነው፤ ዋና ጭነቱ ቻይናና ብራዚል በጋራ የሠሩት ትልቅ ሳተላይት ሲሆን 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የኛዋ አብራ ተሳፍራ ነበር። ከዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛዋ ሳተላይት የወጣችው ሎንግ ማርች 8 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረበት ጉዞ ላይ ነው።

ይህን መናገር ክብራችንን የሚቀንስ አይመስለኝም። በራሳቸው ሮኬት ሳተላይት ማውጣት የቻሉ አገሮች ከአሥር ብዙም አይዘሉም፤ ከአፍሪካ እስካሁን አንድም የለም። የኛ ድርሻ ሌላ ነው፤ እንጦጦ ላይ ባለው ጣቢያ ሳተላይቷን መከታተልና መረጃ መቀበል፣ ከዚያም ያ መረጃ ለእርሻ፣ ለደን፣ ለውኃ ሥራ እንዲውል ማድረግ ነው። ሕዝቡ ድርሻችን የቱ ላይ እንደሆነ በትክክል ቢያውቅ የሚቀጥለው በጀት ለምን እንደሚያስፈልግ ለመጠየቅም ለመደገፍም ይችላል። የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነፃነት በዓል ዕለት፣ ኡሁሩ የተባለች ሳተላይት ከማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ማዶ ተነሣች፤ ሳተላይቷም ሮኬቱም የአሜሪካ፣ መነሻ መድረኩ የጣሊያን፣ ባሕሩ የኬንያ፣ ስሙ ስዋሂሊ ነበር። “ማን አመጠቀ?” ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ እነዚህን ሁሉ ለይቶ መቁጠር ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል የለውም የሚል ክርክር ደጋግሞ ይነሣል። አልቀበለውም። መሣሪያው ይተኮሳል፣ ይወነጨፋል፤ ሳተላይት ይመጥቃል፤ ሰው የሚሳፈርበትን የጠፈር መንኮራኩር እንለዋለን፣ ተሳፋሪውን ጠፈርተኛ። እነዚህ ግሦችና ስሞች በሕዝቡ አፍ ውስጥ አሉ። የጎደለው በወጥነት መጠቀም ነው። ሳተላይት የሚሸከመውን አምጣቂ ሮኬት፣ የማይመራውን መሣሪያ የጦር ሮኬት፣ የሚመራውን ሚሳኤል ብለን ብንጽፍ ማንም አንባቢ አይቸገርም፤ ዓይነቱ ገና ካልታወቀም “ዓይነቱ ያልተረጋገጠ ተተኳሽ” ማለት ነውር የለውም።

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በዚህች ከተማ አዲስ አይደለም። በየካቲት 23 የዓድዋ በዓል ለክብር መድፍ ሲተኮስ ነዋሪው በድምፁ እንዳይደናገጥ አስቀድሞ የማሳወቅ ልማድ አለ፤ ማሳወቂያው የሚተኮሰው ምን እንደሆነና ለምን እንደሚተኮስ ይናገራል። ቀጣዩ ሳተላይታችን ወደ ህዋ በሚላክበት ቀን መግለጫ የሚያዘጋጀው ክፍል ሳተላይቷን ማን እንደሠራ፣ አምጣቂው ሮኬት የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሣና ከእንጦጦ ምን እንደሚሠራ በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ እንዲያሰፍር፣ ዜና ክፍሎችም ይህን አንቀጽ ሳይቆርጡ እንዲያነቡት እጠይቃለሁ።