አንድ ፖስተር፣ አሥራ ሁለት ኮንሰርት

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር የሰነበተውን የሂፕ ሆፕ ፖስተር ያላያችሁ አላችሁ? የላችሁም። «የትኛውን?» ብትሉም መልሱ ያው ነው። ጥቁር መደብ፣ ቀይ ጭስ፣ መነጽር የደቀኑ ዘጠኝ ልጆች፣ ከሥር የአሥራ አንድ ስፖንሰር አርማ። ያ ሰዓቱንና ቦታውን ፈልጋችሁ ዓይናችሁን ያጠፋችሁበት።

እኛ ደግሞ ማማረር አመላችን ነው። ዛሬ ግን ይብቃና፣ የአዲስ አበባን ሂፕ ሆፕ ተሸክመው ከቡድን ቡድን ለሚያዞሩት አስተዋዋቂዎቻችን የሚገባቸውን ምስጋና እናድርስ። ራፐሮቹ ቴዲ ዮ እና ልጅ ሚካኤል የአማርኛ ራፕን ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እስኪሰማ ድረስ ካደረሱት በኋላ፣ ይህን ሙዚቃ መልሶ ከሕዝብ ዓይን መሰወር ቀላል ሥራ አይደለም። ተችሏል።

እስቲ ፖስተሩን ቀረብ ብለን እንየው። ቀን፦ «12/3»። ሰዓት፦ «8:00»። በቃ። ላልገባው ሰው ዝርክርክነት ይመስለዋል፤ ጥበብ ነው እንጂ! በእኛ አቆጣጠር ከተነበበ ኅዳር 12 ነው። ዲዛይኑን የሠራው ሜሪላንድ ያለ የአጎት ልጅ ከሆነ፣ አሜሪካ ወር ይቀድማልና ዲሴምበር 3፣ ማለትም ኅዳር 24 ይሆናል። የአጎት ልጅ ለንደን ከሆነ ደግሞ ቀን ይቀድማል፤ ማርች 12፣ መጋቢት 3። ሰዓቱም እንደዚያው። በእኛ ከሆነ ወይ ከቀኑ 8 ወይ ከሌሊቱ 8፤ በፈረንጅ ከሆነ ወይ ጠዋት 2 ወይ ምሽት 2። ሦስት ቀን በአራት ሰዓት ሲባዛ አሥራ ሁለት። አንድ ዝግጅት ለማዘጋጀት ነፍስ በሚወጣበት ከተማ በአንድ ፖስተር አሥራ ሁለት ያዘጋጀ ሰው ሐውልት ቢያንሰው ነው።

ደግሞ አንዱም ባዶ አይደለም። ኅዳር 12 ከቀኑ 8 ሰዓት የሄደ ታዳሚ ምን እንደሚጠብቀው አስቡት። ሚካኤል ነው፤ ታቦት ወጥቷል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ሕዝቡ ፖስተሩ ላይ ካሉት መነጽሮች ሁሉ ይበልጣል። ያውም ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው፤ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ እንደወጉ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጨሳል። የጭስ ማሽን ኪራይ የለ፣ ምን የለ፤ መድረኩ ራሱ ከተማው ነው። በዚያው ዕለት ከሌሊቱ 8 የሄደው ደግሞ ካህናቱን ማሕሌት ላይ ያገኛቸዋል፤ ከበሮና ጽናጽል፣ ምቱን ያልሳተ እግር፣ ፕሌይባክ የሚባል ነገር የማያውቅ ጉሮሮ። ሐቁን እንናገር ካላችሁ፣ ከዋናው ዝግጅት ይሻላል።

ኅዳር 24 ጠዋት 2 ሰዓት የደረሰው ወንበር የምትደረድረውን ጽዳት ሠራተኛ ያገኛታል። «ዛሬ ነው እንዴ?» ትለዋለች። ስለ ፕሮግራሙ መረጃ የጠየቀች ብቸኛ የከተማው ነዋሪ እሷ ናት። ከቀኑ 8 የሄደው ማኪያቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ምሽት 2 የደረሰው ምስኪን ትክክለኛውን ገምቷል፤ ቅጣቱም ይህ ነው፦ ሦስት ሰዓት «ቼክ፣ ቼክ፣ ዋን፣ ቱ» መስማት። አቆጣጠሩን አሳስቶ ከሌሊቱ 8 የመጣው ግን ሲገባ ዋናው ራፐር ገና መድረክ መውጣቱ ነው። የተሳሳተ ሰው በሰዓቱ የሚደርስበት ዝግጅት ሌላ የት አለ? መጋቢት 3 የሚሄዱት ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃሉና ቤቱ ራሱ ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። እነሱም ቢያንስ ጾማቸውን አልገደፉም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ቁጥሩ ለሚነበብለት ዕድለኛ ነው። ለአብዛኛው ሕዝብ የሚደርሰው የስክሪንሾት ስክሪንሾት ነው። ከአናቱ ሦስት የባትሪ ምልክት ተደራርቧል፤ 62 በመቶ፣ ከሥሩ 31፣ ከሥሩ 9። ስንት እጅ እንዳለፈ በባትሪው ትቆጥሩታላችሁ። ዋናው ሲሠራ 1080 በ1920 ፒክሰል ነበር። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክለት ይጨምቀዋል። «እንደ ፋይል» ብሎ መላክ ሁለት ንክኪ ነው፤ ግን ማን ጣቱን ያባክናል? ስቶሪ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከላይም ከታችም 250 ፒክሰል ያህሉን የለጣፊው ስምና የመልስ መስጫ ሳጥን ይሸፍነዋል። አድራሻው የት የተጻፈ ይመስላችኋል? ታች። «22፣ ከማደያው ገባ ብሎ» ይላል ተብሎ ይገመታል። የትኛው ማደያ የሚለውን ለማወቅ በውስጥ መስመር ማናገር ነው። ስልክም አለ፤ ስትደውሉ ግን የምታነሳው ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል የምትነግረን ያቺ የሁላችን ወዳጅ ናት።

አንድ ትክክለኛ መረጃ ብቻ ከፖስተሩ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ዘጠኙም ልጆች ማይኩን ኳሱ ላይ በመዳፋቸው ጥርቅም አድርገው ይዘዋል። ያምራል፤ ኃይለኛ ያስመስላል። ማይኩ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንስባቸው ቀዳዳዎች ያሉት ግን እዚያው ኳሱ ሥር ነው። ሲታፈኑ ማይኩ ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ስፒከሩን ጨምሮ፤ ከዚያ ያ ጆሮ የሚበሳው ፉጨት ይመጣል፣ ከዚያ «ሳውንድ ማን! ሳውንድ ማን!»፣ ከዚያ ሳውንድ ማኑ ድምፁን ይቀንሳል፣ ከዚያ ግጥሙን የሰማ የለም። እጅን ወደ እጀታው ሁለት ጣት ዝቅ ማድረግ ነበር። ነገር ግን ፖስተር ላይ አያምርም።

ኋላ ቀር የነበሩትን ደግሞ እናንሳ፣ ለንጽጽር። ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባለው ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ብር ፈለገችና ወንድሟ ዲጄ ኩል ኸርክ ሙዚቃ የሚያጫውትበት ዳንስ አዘጋጀች። መጥሪያዋ በእጅ የተጻፈ ትንሽ ካርድ ነበር። ምን አለበት? ቦታ፦ 1520 ሴጅዊክ አቬኑ፣ የመዝናኛ ክፍሉ። ሰዓት፦ በእኛ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 10። መግቢያ፦ ሴት 25 ሳንቲም፣ ወንድ 50። አለቀ። ጭስ የለ፣ አርማ የለ፣ «በቅርቡ ይጠብቁን» የለ። ፎቶሾፕ ያልነበራት ልጅ እስክሪብቶ ይዛ ምስጢሩን ሁሉ ዘረገፈችው! ሰዉም ሰማ፣ መጣ፣ ከፈለ። ከዚያች ካርድ ዓለምን ያጥለቀለቀ ሙዚቃ ወጣ፤ ከእኛ ባለ ጭስ ፖስተር የሚወጣው ቢበዛ የባትሪ ቁጥር ነው። እዚህም ቢሆን ጥቂት አፈንጋጮች «ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ በር ከምሽቱ 2፣ የመጀመሪያው ራፐር 3 ሰዓት፣ መግቢያ 300 ብር፣ የካርታው ሊንክ ይኸው» እያሉ ለመጻፍ ሞክረው ነበር። «ዲዛይኑን አበላሸው» ተብለው ተመክረዋል።

ከአስተዋዋቂው ቀጥሎ ምስጋና የሚገባው ደጋፊው ነው። አዲስ ዘፈን ከመውጣቱ ሦስት የእሳት ኢሞጂ ይለጥፋል። በደቂቃ 90 ምት የሚሄድ ቢት ላይ ስምንት ባር መግቢያ (አንዱ ባር አራት ምት ነው) 21 ሰከንድ ይፈጃል። ደጋፊያችን እሳቱን የሚለጥፈው በ4ኛው ሰከንድ፣ የሚወጣው በ15ኛው ነው። የልጁን ድምፅ አልሰማም። ስፖቲፋይ ደግሞ አንድ ጊዜ ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነውና ለቆጠራውም አልበቃም። ግን እሳት ለኩሷል፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

በሩ ላይ ስታገኙት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። «ብሮ፣ ከባንዱ ጋር ነኝ።» የቱ ባንድ? መድረኩ ላይ ያለው አንድ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ግን አርባ አጃቢ አለው። ቤቱ 200 ሰው ይይዛል እንበል፣ መግቢያ 300 ብር። ዘጠናው ስሙን አስይዟል፣ አርባው ላፕቶፑን ያጅባል፣ የቀረው ሰባ ሰው ይከፍላል፤ 21 ሺህ ብር። ቤቱ ሞልቷል፣ ቪዲዮው ያምራል፣ የሳውንድ ኪራይ ሲነሳለት የሚቀረው ለላፕቶፑ ቻርጀር ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ያ ሊቁ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ «ራፕ እኮ ከእኛ ነው የሄደው፤ ቀረርቶ፣ ፉከራ፣ አዝማሪ…» እያለ ለወረፋው የሚያስተምረው። ድንቅ ትምህርት ነው። አዝማሪ ቤት ግን አድማጭ ብሩን አውጥቶ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ትምህርቱ እዚያ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ሊቁ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ማጣራት ይጀምራል።

አንድ ስም ቀርቶናል። ከዘጠኙ ፎቶ ሥር፣ በትንሹ የተጻፈው፦ «እና ሌሎችም»።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቁም። «ሌሎችም» ሰው ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ስቱዲዮ በሰዓት እየከፈለ የቀዳ፣ ከጀሞ ወይ ከቃሊቲ የሚመጣ ልጅ ነው። ምሽት 2 ተብሎ ምሽት 2 የተገኘው እሱ ብቻ ነው። መድረክ የሚሰጠው ሰው ከመግባቱ በፊት፣ ለአሥራ አራት ባዶ ወንበርና ለባርማኑ ነው። ከዚያ ታክሲ በሌለበት ሌሊት ራይድ ከኪሱ ከፍሎ ይሄዳል። ስለ ክፍያ ሲያነሳ «ራስህን አስተዋወቅክበት አይደል?» ይሉታል። ለማን? በየትኛው ስም? ስሙን ሳትጽፉ አስተዋወቅነው ማለት ምን ማለት ነው? ይህ የልጅ ላብ መብላት ነው፣ ነውርም ነው። ከአሥራ አንዱ አርማ አንዱን ብቻ በጥፍር ያህል ብታሳንሱት የልጁ ስም ይገባ ነበር። ለውኃው፣ ለጂሙ፣ ለፀጉር ቤቱ ቦታ ተገኝቷል፤ መድረኩን የከፈተው ልጅ ግን አራት ፊደል አልደረሰውም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናችን። አስተዋዋቂዎቻችን ትችት የሚሰሙ ሰዎች ናቸው፤ የቁጥሩ ነገር ደርሷቸው አርመዋል። ትናንት የወጣው ፖስተር ላይ 12/3 የለም፣ 8:00 የለም። በትልቁ፣ በአማርኛ፣ «የፊታችን ቅዳሜ ምሽት» ይላል። ፖስተሩ መቼ እንደተሠራ ግን አይናገርም። በየቡድኑ እየዞረ ነው፤ ላይኛው ባትሪ 44፣ ታችኛው 18። አንዳንድ ቡድን ውስጥ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ እዚያም የፊታችን ቅዳሜ ነው።