ካሜራውን ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ የምታስወጡት ለምንድን ነው?

በቅርቡ ድሬዳዋ ላይ ኮንሰርት ያሰናዱ ሰዎች ለፎቶ አንሺዎች ያደሉት ወረቀት ሦስት ትእዛዝ አለው። ፎቶ የሚነሳው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ብቻ ነው፤ ከመድረክ ጀርባ መግባት ክልክል ነው፤ የተነሳው ፎቶ በሙሉ ለአዘጋጁ ይሰጣል። ለምን ብለን ስንጠይቅ ከአዘጋጆቹ አንዱ የሰጠን መልስ ከወረቀቱ የባሰ ነበር፦ «ሕዝቡ ሁሉ ስልክ ይዟል፤ የእናንተ መኖር ምን ይጨምራል?»

ይህን በዝምታ አላልፈውም። ሕዝቡ ስልክ ይዟል፤ ማን ካደ? ከፊቱ ከቆመው ሰው ጭንቅላት በላይ ስልኩን አንስቶ ዘፋኙን ከሩቅ የሚቀርጽ ሰው ለራሱ ማስታወሻ ይቀርጻል፤ መብቱም ነው። ስልኩ ሲሞላበት ግን ያጠፋዋል። የዑድ ተጫዋቹን ጣቶች ማን አነሳቸው? ከበሮ መቺው በሁለት ዘፈኖች መካከል ላቡን ሲጠርግ ማን አየው? መድረክ ላይ ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ የቀረውን የአንድ ጀማሪ ዘፋኝ ፊት በየትኛው ስልክ ውስጥ ፈልገን እናግኘው?

እኔን ለዚህ ሙያ ያበቃኝ አሜሪካዊው የሙዚቃ ፎቶ አንሺ ጂም ማርሻል ነው። በአካል አላገኘሁትም፤ ያስተማሩኝ ፎቶዎቹ ናቸው። ቺካጎ ተወልዶ ሳን ፍራንሲስኮ ያደገው ይህ ሰው ላይካ ካሜራዎቹን ይዞ የጃዝና የሮክ ሙዚቀኞችን ዘመን እስከ ጓዳቸው ድረስ ተከታትሎ መዝግቧል። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን ሲያቀርቡ ከመድረክ ጀርባ አብሯቸው ነበር። በ1969 አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆኒ ካሽ በሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ለእስረኞች ሊዘፍን ሲሄድም ማርሻል እዚያው ነው። ካሽ በንዴት የመሃል ጣቱን ወደ ሌንሱ የቀሰረበትን ፎቶ ያላየ የሙዚቃ ወዳጅ ጥቂት ነው። ያ ፎቶ የተነሳው በልምምድ ሰዓት ነው፤ ማርሻል ራሱ እንደተረከው፣ ለእስር ቤቱ አለቃ የሚሆን አንድ ፎቶ እናንሳ ያለው እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ እንዲህ ያለ መልስ የሚያገኘው የታመነ ሰው ብቻ ነው። የእኛዎቹ አዘጋጆች ወረቀት በዚያ ቀን በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ማርሻል አጥር ውጭ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ ፎቶውም አይኖርም ነበር።

ማርሻል ቁጡ ሰው ነበር፤ ጠመንጃና አደንዛዥ ዕፅም ሕይወቱን አበላሽተውበታል። ያንን አላደንቅም። ሥራው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ከሞተ በኋላም አልተረሳም። ግራሚ የተባለውን የሙዚቃ ሽልማት የሚሰጠው የአሜሪካ አካዳሚ በ2014 የባለአደራዎቹን ሽልማት ሰጠው፤ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ እርሱ ነው።

ከእርሱ ፎቶዎች የተማርኩት ቀድሞ መድረስን ነው። ልምምድ ላይ ተገኝቶ መቀመጥ፣ ከሙዚቀኞቹ ጋር ሻይ መጠጣት፣ ካሜራው መኖሩ እስኪረሳ መታገስ፣ ሲመሽ ደግሞ ፍላሽ ሳያበሩ ባለው ብርሃን መሥራት። ሦስት ዘፈን ለዚህ ምን ይበቃል? በመጀመሪያው ዘፈን የድምፅ ባለሙያው ገና ማይክሮፎኑን ያስተካክላል። በሁለተኛው ዘፋኙ ሕዝቡን ይለካል። በሦስተኛው ገሚሱ ታዳሚ ገና ቦታ ይፈልጋል። ድሬዳዋ ውስጥ ኮንሰርት የሚጋለው ዘግይቶ መሆኑን የማያውቅ የከተማችን ሰው አለ? ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ የሚለጠፈው፣ ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ሕዝቡ ዘፈኑን የሚቀበለው እኛ ከተባረርን በኋላ ነው። አዘጋጆቹ የሙዚቃውን መግቢያ ሰጥተውን ሙዚቃውን ይከለክሉናል።

ዓለም አቀፍ ደንብ ነው ይሉናል። አዎን፣ በውጭ አገር ታላላቅ አዳራሾች የተለመደ ነው። እዚያ መለመዱ ግን ለእኛ ይበጃል ማለት አይደለም። እዚያ የዘፋኙ ታሪክ በብዙ መዝገብ ተይዟል፤ እኛስ? ይህች ከተማ እኮ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አፍረን ቀሎ የተባለውን የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ያበቀለች ናት። ከዚያ ቡድን የወጣው ዘፋኝ አሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ በየገጹ ሲዘዋወሩ ያየኋቸው የወጣትነት ፎቶዎች እነዚያው ጥቂቶቹ ነበሩ። በከዚራና በመጋላ ሰፈሮቻችን ስንት ሌሊት አብሮት የተጫወተ ሰው ፊቱ እንኳን አልቀረልንም! ከዚህ ጉድለት የተማረ ሰው ካሜራ አያባርርም።

ፎቶውን በሙሉ አስረክቡ የሚለው ደግሞ ዝርፊያ ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ማርሻል የፎቶዎቹን ባለቤትነት አሳልፎ አልሰጠም፤ ስብስቡ ሳይበታተን የቆየውም በዚህ ነው። አዘጋጁ ለማስታወቂያው የሚሆን ፎቶ ከፈለገ ከፍሎ ይጠቀም። ዘፋኙ ፈቅዶ ካስገባን ከልምምዱ እስከ መጨረሻው ዘፈን እንድንቆይ ይፈቀድልን፤ አላስገባም ካለ ቃሉን እናከብራለን፤ ውሳኔው ግን የእርሱ ይሁን። እስከዚያ ድረስ ያንን ወረቀት አልፈርምም፤ የሙያ ባልደረቦቼም እንዳይፈርሙ እለምናለሁ።