ክብር ለእንግሊዝ ሹማምንት፣ ለቀበሮዋ ነፍስ ይማር

የእንግሊዝን ሹማምንት ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እንደነሱ ጨዋ የት ይገኛል! የአገሩ ጌቶች ቀይ ኮት ለብሰው፣ ፈረስ እየጋለቡ፣ ለመዝናኛ ቀበሮ በውሻ መንጋ ያሳድዱ ነበርና ሹማምንቱ ይሄ ነገር ቀበሮዋን ይጎዳታል ወይ ብለው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2000 መልሱን ይዞ ከች አለ፦ አደኑ የቀበሮዋን ደህንነት በእጅጉ ይጎዳል። በጥርስ መዘንጠል ለጤና እንደማይበጅ በይፋ የታወቀው እንግዲህ ያኔ ነው።

ከዚያ ፓርላማው ተከራክሮ ተከራክሮ በ2004 ሕግ አወጣ። ቀበሮን በውሻ ማሳደድ ክልክል! ቅጣቱስ? የገንዘብ መቀጮ። እስር የለም። ፈረስና ቀይ ኮት ያለው ሰው ምን በወጣው ይንገላታል?

እኛ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንላለን። እነሱ ጋ ሕጉ ራሱ ቀዶ ውሻውን አስገባው። አዳኞቹ አደን ትተናል፣ አሁን ሽታ ነው የምንከተለው አሉ። አንዱ በቀበሮ ሽንት የተነከረ ጨርቅ እየጎተተ ይቀድማል፣ ውሾቹ ይከተላሉ፣ መሀል ላይ እውነተኛ ቀበሮ ጥልቅ ካለች ደግሞ ድንገተኛ አደጋ ነው፣ ምን ይደረግ፣ ውሻ ሕግ አልተማረ። ሌሎቹ ንስር ይዘው ወጡ፤ ለአዳኝ ወፍ ከሆነ ቀበሮዋን በውሻ ከጫካ ማስወጣት ይፈቀዳላ!

በገና ማግስት የመንደሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይሸኛቸዋል። ፈረሶቹ ተቦርሸው ያብረቀርቃሉ፣ ጌቶች ኮርቻ ላይ እንዳሉ መጠጥ በትሪ ይዞርላቸዋል። ከኋላ ደግሞ ባለአራት ጎማ ሞተር ላይ አካፋ የጫኑ ሰዎች ይከተላሉ። አካፋ! ጨርቅ ጉድጓድ ይገባል እንዴ? ኧረ ዝም ልበል፣ ነገረኛ እባላለሁ።

ፍርድ ቤቱም አይታማም። አንድ የአዳኞች ማኅበር ኃላፊ በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ሕገወጥ አደን አበረታቷል ተብሎ በ2021 ተፈረደበት፣ በ2022 በይግባኝ ነፃ ወጣ።

በ2024 ደግሞ ሌበር ፓርቲ ይሄን የሽታ ጨዋታም እናግዳለን ብሎ ለምርጫው ቃል ገባ። እሰይ! ከ20 ዓመት በኋላ የከለከሉትን እንደገና ሊከለክሉት ነው። እስከዚያው ቀበሮዋ ውሾቹ ሲደርሱባት ዞር ብላ «በሕግ አምላክ!» ትበላቸው። ጮክ ብላ ግን፣ በእንግሊዝኛ።